እግር እያለኝ በቃሬዛ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከእናንተ መሀል በራሱ ላይ ሲለቀስ ተኝቶ ያዳመጠ አለ? እኔ አዳምጫለሁ። ያውም ነጠላዬን አንገቴ ድረስ ስቤ፣ በቀርከሃ ቃሬዛ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ አራት ወንድ ተሸክሞኝ፣ ዝናቡ ፊቴ ላይ እየወረደ። መነሳት አቅቶኝ መሰላችሁ? ኧረ ምን በወጣኝ! በዚያን ቀን አንድ ማዳበሪያ ከሰል በጀርባዬ አዝዬ ከአዲስ ቅዳም እንጅባራ ድረስ መሄድ እችል ነበር። ቃሬዛ ላይ የወጣሁት እግሬን አሞኝ ሳይሆን ጡቴን አሞኝ ነው። "ጡትና እግር ምን አገናኛቸው?" ብትሉ እውነታችሁን ነው። ታገሱኝና ልንገራችሁ።

እናንዬ እባላለሁ። ያኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ባሌን ከቀበርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፣ ልጅ አልወለድኩም፣ አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል እነግዳለሁ። ከገበሬው እገዛለሁ፣ ለሚመጡት መኪኖች አስጭናለሁ። ከሰል ነጋዴ ዝም ካለች ደላላው እስከ ነፍሷ ይበላታል፤ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አላውቅም። ሰፈሩ "የእናንዬ ምላስ" እያለ ልጅ ያስፈራራበታል። ይህ ምላሴ የማይነካው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ በምን እንደሞተች።

እናቴ በጡቷ ነው የሞተችው። ለጎረቤት "ምች ነው" እያለች፣ ለእኛ "ብርድ መቶኝ ነው" እያለች፣ ቀሚሷን ለማንም ሳትገልጥ ከረመች። እኛ ያወቅነው ሽታው ቤቱን ሲሞላው ነው። ያኔም ቢሆን በስሙ የጠራው ሰው የለም። አክስቶቼ እስከዛሬ "ያ ነገር" ነው የሚሉት። እናቴም ቃሉን አንድ ቀን ከአፏ ሳታወጣ ተቀበረች።

እንግዲህ አንድ ነሐሴ ላይ የከሰሉን ጥላሸት ልታጠብ ልብሴን ሳወልቅ ጡት መያዣዬ ላይ፣ በግራ በኩል፣ የደም ነጠብጣብ አየሁ። መጀመሪያ የሆነ ነገር ቧጭሮኝ ነው አልኩ። ብፈልግ ጭረት የለም። ስዳስስ ግን ከውስጥ ባቄላ የሚያክል ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣ። ተጫንኩት፤ አላመመኝም። ቢያመኝ ደስ ባለኝ። ከነሳሙናዬ በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ።

ልብሴን ደርቤ ብርቄን ጠራኋት። ብርቄ ጎረቤቴ ናት፣ ድንች ትነግዳለች፣ ከእኔ ምላስ የሚተርፍ ነገር ካለ እሷ ጋ ታገኙታላችሁ።

"ብርቄ፣ ነይ እስቲ ዳስሽልኝ።"

"ምኑን?"

"ጡቴን።"

"አበድሽ እንዴ አንች? ባልሽ ቢሞት ወደ እኔ መጣሽ?"

እየሳቀች ዳሰሰችኝ። ሳቋን ሳትጨርስ እጇን ሰበሰበች።

"ኧረ በስመ አብ! ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"ካላመመሽማ ተመስገን በይ።"

"እናቴንም አላመማትም ነበር" አልኳት። ብርቄ ልብሴን ራሷ መልሳ ቆለፈችልኝ፤ ያኔ ነገሩ እንዳላማረ ገባኝ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ አየችኝና "ይሄን እኛ አንችለውም፣ እንጅባራ ሆስፒታል ሂጅ፤ ዛሬ ነገ እንዳትይ" ብላ ሪፈር ጻፈችልኝ። ቀጥላም "የጤና መድን አለሽ?" አለችኝ። የጤና መድን የሚባለው ወደ ወረዳችን ገና መግባቱ ነበር፤ በዓመት አንድ ጊዜ ታዋጣላችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ትታከማላችሁ። ምዝገባው ጥር ላይ ነበር። እኔ ጥር ላይ የት ነበርኩ? ጥቁር ለብሼ የባሌን ሐዘን ተቀምጬ።

ቀበሌ ሄጄ ለመዝጋቢው ይህንኑ ነገርኩት።

"አዝናለሁ፤ ምዝገባው ተዘግቷል። ጥር ላይ ነይ።"

"አሁን ነሐሴ ነው እኮ።"

"አዎ፣ ጥር ላይ ነይ።"

"እሽ፣ ጡቴንም እስከ ጥር ታገሽ እላታለሁ" ብዬው ወጣሁ። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ግን አልመዘገበኝም።

ከራሴ ኪስ እንዳላወጣ ክረምት ነው። በዝናብ ከሰል የሚያከስል የለም፣ መኪናም አይመጣም። የነበረችኝን ጥሪት ደግሞ የባሌ ተዝካር ጠራርጎ በልቷታል። ነፍሱን ይማርና፣ በሕይወቱም ሞልቶ አልሰጠኝ፣ ሞቶም ያለኝን ይዞ ሄደ። እንጅባራ መሳፈሪያዋን ባገኝ እንኳ ለምርመራው፣ ለመድኃኒቱ ምን እከፍላለሁ? ሁለት ሌሊት በጀርባዬ ተኝቼ ጣራ ሳይ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እድር አለኝ! የወር መዋጮዬን አሳልፌ የማላውቅበት እድር።

ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ እንደልማዳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተሰብስበዋል። የእድሩ ዳኛ አያ ፈንቴ ናቸው። በጉብዝናቸው ወራት ፈረስ ጋላቢ የነበሩ፣ አሁንም ሲቀመጡ ኮርቻ ላይ ያሉ የሚመስሉ ትልቅ ሰው። አጠገባቸው ጸሐፊው ጥላሁን አለ። ጥላሁን እኩያዬ ነው፤ የእድሩን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ አብልጦ የሚሰስት ቀጭን ሰው። ሴት ልጅ እዚያ ስብሰባ ላይ ተነስታ አትናገርም። እኔ ተነሳሁ።

"አያ ፈንቴ፣ አንድ ጉዳይ አለኝ።"

"ተናገሪ እናንዬ።"

"ጡቴን አሞኛል።"

ያ ሁሉ ወንድ በአንድ ጊዜ አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ። አንዱ አሳለው። አያ ፈንቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ደረትሽን ነው?"

"ደረቴን አይደለም። ደረትማ እርስዎም አለዎት። ጡቴን ነው፣ ግራውን።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በጋቢው አፈነ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሆስፒታል መታየት እንዳለብኝ፣ መድን እንደሌለኝ፣ እድሩ እንዲረዳኝ እንደምፈልግ ተናገርኩ። ጥላሁን እጁን አነሳ።

"እድር ለሞተ ነው፤ አንች ደግሞ ተመስገን በሕይወት አለሽ።"

"ብሞት ምን ታደርጉልኛላችሁ?"

"ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሦስት ቀን ተቀምጠን እናስተዛዝናለን።"

"ማንን ነው የምታስተዛዝኑት? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብላችሁ እርስ በርስ ልትተያዩ ነው? ድንኳኑም ንፍሮውም ይቅርብኝ፤ አሁን ስጡኝ።"

"ደንብ አለ!" አለ ጥላሁን።

"ደንቡ እንግዲህ ሙችና ተመለሽ ነው የሚለኝ።"

ጉርምርምታ ሆነ። በዚህ መሀል አንድ የሸመገሉ ሰው ከጥጉ "የቃሬዛውስ?" አሉ። አያ ፈንቴ ቀና አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ መንገድም መኪናም ሳይኖር፣ በጠና የታመመን ሰው እድርተኛው በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ያደርሰው ነበር። በቃሬዛ ለሄደ ታማሚ ወጪው የእድሩ ነው። ባጃጁና ሚኒባሱ ከመጡ ወዲህ ቃሬዛውን የሚፈልገው ሬሳ ብቻ ሆኖ ነገሩ ተረሳ እንጂ ማንም የሻረው ደንብ አልነበረም።

"እውነት ነው፣ አልተሻረም" አሉ አያ ፈንቴ።

"እሷ ግን ይኸው ቆማለች!" አለ ጥላሁን። "በእግሯ መጥታ፣ በእግሯ ቆማ፣ እየተሟገተችን!"

ጥላሁንን አየሁት። አያ ፈንቴን አየኋቸው። ከዚያ ነጠላዬን ጭቃው ላይ ዘረጋሁና በጀርባዬ ተኛሁ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ታምሜያለሁ። መራመድ አቃተኝ።"

"ተነሽ እንጅ፣ ሰው ያያል!"

"ይይ! አልነሳም።"

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። እኔ ወይ ፍንክች! አያ ፈንቴ ሲናደዱ በአዊኛ ነው የሚናገሩት፤ አንድ ሁለት ነገር ተናገሩና እኔ ሳይገባኝ ወንዶቹ ፈገግ አሉ። ከዚያ ራሳቸውም መሳቅ ጀመሩ። ሆዳቸውን ይዘው ከሳቁ በኋላ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና "ነገ ጠዋት ቃሬዛው ይውጣ" አሉ።

ጥላሁን ተስፋ አልቆረጠም። "እሽ። ግን ሆስፒታል እስክትገባ እግሯ መሬት ከነካ ደንቡ ፈርሷል። እኔ ለእድርተኛው ምን ብዬ ነው የማስረዳው?"

ሰኞ ጠዋት አያ ፈንቴ ከእድርተኞቹ ጋር ቃሬዛውን ይዘው መጡ። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ በክረምት መንገድ አይባልም፣ ጭቃ ነው። አራቱ ተሸካሚዎች ይንሸራተታሉ፣ እኔ ከላይ ሆኜ እመራለሁ። "ወደ ቀኝ! እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ!" "ዝም በይ እንጅ፣ ታማሚ እኮ ነሽ!" ይሉኛል። ጥላሁን ጃንጥላ ይዞ ከጎኔ ይሄዳል። ጃንጥላው ለእኔ እንዳይመስላችሁ፤ ለራሱ ነው። ዓይኑ ከእግሬ አልተነቀለም። ብርቄ በሌላው ጎን ሳቋን ላለማሳየት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትንቀጠቀጣለች።

ጥፋቱ የብርቄ ነው። ቃሬዛ፣ ተሸካሚ፣ ፊቷን ሸፍና የምትንቀጠቀጥ ሴት ያየ ሰው ሌላ ምን ይጠረጥራል? አስፋልቱ ጋ ስንደርስ የሽ አየችን። የሽ ከሰል ነጋዴ ናት፤ ሱቃችን ፊት ለፊት፣ ልባችን ጀርባ ለጀርባ። ነጠላዋን ወረወረችና ደረቷን መታች።

"ወይኔ እናንዬ! እናንዬ የኔ ደግ! ከሰልሽ አመድ የሌለው!"

ይቺ ሴት ባለፈው ገበያ "የእናንዬ ከሰል ግማሹ አፈር ነው" ብላ ደንበኞቼን የነጠቀችኝ ናት። ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም፣ ትንሽ ልስማ አልኩ። ሌሎች ሴቶችም ተጨመሩ። አንዷ "ለሰው አዛኝ" አለችኝ፣ አንዷ "አንደበቷ ለስላሳ" ስትል ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩዋት። እየሳቅሁ ባወራላችሁም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ ተኝቼ ሳለሁ አንድ ነገር አሰብኩ። ይህ ለቅሶ በሚቀጥለው ዓመት ለእውነት ቢሆንስ? እንዲህ አልቅሰው፣ ንፍሮውን በልተው፣ "ምች ነው የገደላት" ቢሉስ? ዓይኔን ገለጥኩ።

"የሽ፣ ስለ ከሰሉ ያልሽውን ቅዳሜ ገበያ ላይ ትደግሚልኛለሽ" አልኳት።

የሽ የጮኸችውን ጩኸት ዳንግላ ያሉ ሰዎች ሳይሰሙት አልቀሩም። ጫማዋን ጥላ ሮጠች። አንዱ ተሸካሚ በሳቅ እጁ ዝሎ ቃሬዛው ሲያዘነብል እግሬ ወደ ጭቃው ተንሸራተተ። "እግር! እግር!" ብሎ ጥላሁን ጃንጥላውን ጥሎ እግሬን በሁለት እጁ ቀለበው። እግሬን ከመሬት ያዳነልኝ ራሱ ጥላሁን ነው፤ ለምን እንዳደረገው እሱም የገባው አይመስለኝም።

ሚኒባሱ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ረዳቱ ቃሬዛውን አይቶ በሩን ዘጋ።

"ሬሳ በኮንትራት ነው።"

"ሬሳ አይደለሁም" አልኩት።

"እንግዲያው ግቢና ተቀመጭ።"

"መቀመጥ አልችልም።"

"ምንሽን አሞሽ?"

"ጡቴን።"

ረዳቱ እግሬን አየ፣ ጥላሁንን አየ፣ ሰማዩን አየ። በመጨረሻ የኋላ ወንበሩን በሙሉ ለእኔ ከፍለው አጋደሙኝ። እስከ እንጅባራ ተሳፋሪው ሁሉ ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ "እግዜር ይማርሽ" እያለ ሲለምንልኝ ሄደ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቃሬዛ ሲታይ ተረኞቹ ሮጠው መጡ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል አስገቡኝ። "ምን ሆነች?" ስትል አንዷ ነርስ ወንዶቹ ተያዩ። አያ ፈንቴ በራሳቸው ኮት ደረት ላይ እጃቸውን አዙረው "እዚህ... እዚህ አካባቢ" አሏት። እኔ ከቃሬዛው ላይ ሆኜ "ጡቴ ነው! ደም ያወጣል፣ እብጠት አለው!" አልኩ። የመጣው ሐኪም ታናሽ ወንድም ቢኖረኝ እኩያው የሚሆን ወጣት ነው። ወንዶቹ በሩን ሞልተው ቆሙ፤ ጥላሁን "ከልብሷ ላይ ሆኖ ቢያያትስ?" ሲል ሰማሁት። ነርሷ አስወጥታ በሩን ዘጋችባቸው።

"ለምንድን ነው በቃሬዛ የመጣሽው? እግርሽ ምን ሆነ?" አለኝ ሐኪሙ።

ነገርኩት። ስለ መድኑ፣ ስለ ተዝካሩ፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ የሽ። ልጁ እየሳቀ ጓንቱን ማጥለቅ አቃተው። እየሳቀ መዳሰስ ጀመረ። ከዚያ እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ተመልሶ እዚያው መጣ። ብብቴን ነካ። ሳቁ ፊቱ ላይ የለም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካየሁት ሳምንት አልሞላውም።"

"በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አለ?"

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእናንዬ ምላስ የታሰረው። ያ እድሩን ሁሉ የረታ ምላስ። ግድግዳውን አየሁ። "ምች" ልለው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የእናቴ ቀሚስ ታየኝ፣ እስከ አንገቷ የተቆለፈው።

"እናቴ" አልኩት። "እናቴ በጡት ካንሰር ሞታለች።"

እንዲህ ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። "ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ባሕር ዳር ሄደሽ ናሙና መስጠት አለብሽ። ቢሆንም እንኳ ገና ትንሽ ነው። ቶሎ መጥተሻል" አለኝ። ቶሎ መጥተሻል። ይቺን ቃል ለእናቴ የነገራት አልነበረም።

ከክፍሉ ስወጣ ደንቡ አብቅቶ ነበር፤ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ በእግሬ ብወጣ የሚጠይቀኝ የለም። በሩን ይዤ አንድ እርምጃ አልኩ፤ ሁለተኛው እምቢ አለኝ። ወንዶቹ ነገሩን ከፊቴ አወቁት፤ ማንም አልሳቀም። አያ ፈንቴ "ምን አለሽ?" አሉ።

"ባሕር ዳር ሂጅ አለኝ።"

ያን ጊዜ ጥላሁን፣ ያ ቀጭን፣ ያ ስስታም፣ ክንዴን ያዘ። "አይዞሽ። ባሕር ዳር በእግርሽ ሂጅ፤ እኔ አላየሁም፤ ወጪው የእድሩ ነው" አለኝ።

ልስቅ ብዬ አቃተኝ። "ጥላሁን፣ የዛሬው እውነት ነው፤ መቆም አቃተኝ" አልኩት። ቃሬዛውን ራሱ ከግድግዳው አንስቶ አመጣ። ስንመለስ እሱ ነው ከራስጌ የተሸከመኝ፤ ጃንጥላውን ብርቄ እላዬ ላይ ዘረጋችው።

ካንሰር ነበር። ግራ ጡቴን ባሕር ዳር አወጡልኝ። መድኃኒቱ ጠጉሬን ሲያረግፈው ብርቄ "የሹሩባው ገንዘብ ተረፈልሽ" አለችኝ፤ ሁለታችንም ስናለቅስ ዋልን። በቀረው ባዶ ቦታ ገበያ ስወጣ ጥጥ እወትፋለሁ፤ አንድ ቀን ጥጡ ወደ ብብቴ ሸሽቶ የሽ "አንች፣ ጡትሽ ሊያመልጥሽ ነው" ብላ በገበያ መሀል አስተካክላልኛለች። አሁን እንዋደዳለን። ስለ ከሰሉ ግን አንድ ቀን አልመሰከረችልኝም።

እድሩም ያን ጥር ደንቡን ለወጠ፤ የታመመን ሰው በእግሩም ቢሄድ እድሩ ይረዳዋል። መዝጋቢው ጠረጴዛውን ገና ሲያወጣ ጥላሁን እድርተኛውን ሁሉ አሰልፎ፣ እኔን ከፊት አስቀድሞ፣ የጤና መድን አስመዘገበን። መዝጋቢው ሲያየኝ ሳልናገር ቀላ።

እናንተ ይህን የምታነቡ እህቶቼ፣ እኔ ምክር አላውቅም፤ ነገር ግን ዛሬ ማታ ስትታጠቡ ዳስሱት። የምታፍሩ ከሆነ በሩን ዝጉና ዳስሱት። የሆነ ነገር ካገኛችሁ ደግሞ "ብርድ ነው" አትበሉ። ብርድማ እኛ እንጅባራ አካባቢ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን፤ ጡት ለይቶ አይመታም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አያ ፈንቴ ጠፉ። ቅዳሴም፣ ስብሰባም የሉም። ቤታቸው ሄድኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

"ምንዎን ነው?"

"እዚህ... እዚህ አካባቢ" ብለው እጃቸውን ከጉልበታቸው እስከ እንብርታቸው አዞሩት።

"አያ ፈንቴ፣ ይህን ሁሉ አገር የትኛው ሐኪም ያዳርሰዋል?"

ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡ። ከዚያ ለግድግዳው "ሽንቴ አልወጣ አለኝ" አሉት።

"ቃሬዛውን ላስመጣ?"

"ሂጅ ወዲያ! እግር አለኝ!" ብለው ተነሱ።

እንጅባራ አብረን ሄድን። ነርሷ "ምንዎን ነው የሚያምዎት አባቴ?" ስትላቸው እኔን አዩኝ። ልናገርላቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አያ ፈንቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በእድር ስብሰባ በሚናገሩበት ድምፅ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማ፣ የሚያማቸውን ነገር በስሙ ጠርተው ተናገሩ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ በሁለት እግሬ ቆሜ።